ኤሌክትሮን ሲጨመር አተም ለምን ያንሳል? የግንቡ ካልሲየምስ ከዝናብ ጋር ለምን አይፈላም?

ጥያቄ፦ «መምህር፣ አዘዞ የምማር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ስለ ፔሬዲክ ቴብል ደብተሬ ላይ ያለው ሁለት ቀስት ነው፤ ወደ ቀኝ ሲሄዱ የአተም መጠን ይቀንሳል፣ አዮናይዜሽን ኢነርጂ ይጨምራል፤ ወደ ታች ሲወርዱ ደግሞ ተቃራኒው። ነገር ግን ወደ ቀኝ በሄድን ቁጥር ኤሌክትሮን እየተጨመረ አተሙ እንዴት ያንሳል? ቀስቱ እውነት ከሆነስ የቦሮን አዮናይዜሽን ኢነርጂ ከቤሪሊየም፣ የኦክስጅን ከናይትሮጅን ለምን አነሰ? ጓደኛዬ ሁሉም ኦክቴት መሙላት ስለሚፈልጉ ነው ትላለች። ሌላው፣ ካልሲየም ከውሃ ጋር ሪአክት ያደርጋል ተብለናል። የፋሲል ግንብ የተሠራበት ኖራ ካልሲየም ከሆነ ይህን ሁሉ ክረምት እንዴት ቻለው? ለማትሪክ ቀስቶቹን ከነልዩ ሁኔታዎቻቸው ልሸምድዳቸው ወይስ ሌላ መንገድ አለ?»

ምላሽ፦ ጥያቄዎቹ ብዙ ቢመስሉም ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው። ደብተርሽ ላይ ያሉት ቀስቶች የሚሆነውን ይናገራሉ እንጂ ለምን እንደሚሆን አይናገሩም፤ አንቺ ግን እንደ ምክንያት ይዘሻቸዋል። ቀስት እንደ ምክንያት ከተያዘ ከቀስቱ የወጣው ሁሉ ሕግ የጣሰ ይመስላል፤ ያም በተራው ለብቻው ይሸመደዳል፣ ሸክሙም እየከበደ ይሄዳል። ምክንያቱን የያዘ ተማሪ ግን ቀስቱንም ልዩ ሁኔታውንም ከአንድ ቦታ ያወጣቸዋል።

በመጀመሪያ የጓደኛሽን መልስ እናንሣ። አተም ፍላጎት የለውም። ስምንት የውጭ ኤሌክትሮን መያዝ (ኦክቴት) ብዙ ጊዜ የአጸግብሮት (የሪአክሽን) ውጤት ሆኖ ይገኛል፤ አጸግብሮቱን የሚነዳው ግን የኃይል ሒሳብ ነው። ሶዲየም የውጭ ኤሌክትሮኑን ለመስጠት የሚጓጓ ቢሆን ኖሮ ኤሌክትሮኑ ሲወጣ ኃይል በተለቀቀ ነበር። እውነታው ግን ሌላ ነው፤ በጋዝ መልክ ከተበተነ አንድ ሞል ሶዲየም፣ ከእያንዳንዱ አተም አንድ ኤሌክትሮን ለመንጠቅ 496 ኪሎጁል መክፈል ያስፈልጋል፤ አዮናይዜሽን ኢነርጂ የሚባለው ይህ ክፍያ ነው። ክሎሪን ያንን ኤሌክትሮን ሲቀበል የሚለቀቀው 349 ኪሎጁል ብቻ ነው። ሁለቱን ብቻ ብናሰላ ጨው መሠራቱ የ147 ኪሎጁል ኪሳራ ነው፤ ሶዲየሙን ከጠጣርነቱ፣ ክሎሪኑን ከጥንድነቱ ለመለያየት የሚጠፋውም ሲታከልበት ኪሳራው ይብሳል። ይህን ሁሉ ሸፍኖ ትርፍ የሚያመጣው ቀጥሎ የሚሆነው ነገር ነው፤ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ አዮን ተሳስበው ክሪስታል ሲሠሩ በሞል ወደ 787 ኪሎጁል ይለቀቃል። በቀድሞው ዘመን ከአፋር ቆላ ተጭኖ ጎንደር ገበያ ይገባ የነበረው አሞሌ ጨው የጸናው በዚህ መሳሳብ ነው እንጂ ሶዲየምና ክሎሪን «ስምንት ሞላን» ብለው ስላረፉ አይደለም። በዚያ ላይ ስምንት የማይመለከታቸው ውህዶች ብዙ ናቸው፤ አንድ ሰልፈር ከስድስት ፍሎሪን ጋር ተጣምሮ የሚገኝበት የታወቀና እጅግ የተረጋጋ ጋዝ አለ። ስለዚህ «ኦክቴት ስለሚፈልግ» የሚለውን ሐረግ በማብራሪያ ጥያቄ መልስ ውስጥ ፈጽሞ አትጻፊው።

ውጤትና ምክንያት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ከሰንጠረዡ ታሪክም ይታያል። ድሚትሪ ሜንዴሌቭ ሰንጠረዡን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1869 ሲሆን ኤሌክትሮን የታወቀው በ1897 ነው። ሰውየው ስለ ሼልም (ኤሌክትሮኖች በኒውክለሱ ዙሪያ ስለሚገኙበት ደርብ) ስለ ፕሮቶንም የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ንጥረ ነገሮችን በአተም ክብደታቸው ደርድሮ ጠባያቸው በየተራ ተመልሶ እንደሚመጣ አየ፣ ጠባዩ የማይገጥምበት ቦታ ሲደርስም ክፍት ተወው። ከአሉሚኒየም በታች በተወው ክፍት ቦታ የሚገባው ጋሊየም በ1875 በፈረንሳይ ተገኘ። ያገኘው ሰው መጀመሪያ የለካው ዴንሲቲ 4.7 ነበር፤ ሜንዴሌቭ ግን ብረቱን በእጁ ሳይነካ ወደ 5.9 መጠጋት እንዳለበት አስታወቀ፣ ናሙናው ተጣርቶ እንደገና ሲለካም 5.9 ሆነ። ይህን ያህል የሚሠራ ሰንጠረዥ ምክንያቱ ሳይታወቅ መቆየቱ አንድ ችግር አላጣውም። የቴሉሪየም የአተም ክብደት 127.6፣ የአዮዲን 126.9 ነው፤ በክብደት ከተደረደሩ አዮዲን ከኦክስጅን ቤተሰብ፣ ቴሉሪየም ከክሎሪን ቤተሰብ ሊገቡ ነው። ሜንዴሌቭ ጠባያቸውን አምኖ ቦታቸውን አቀያየረ። ትክክል መሆኑ የተረጋገጠው በ1913 ሄንሪ ሞዝሊ በኤክስሬይ ጨረር ተጠቅሞ ንጥረ ነገሮችን የሚያስከትላቸው የኒውክለሱ ቻርጅ፣ ዛሬ የፕሮቶን ቁጥር የምንለው፣ መሆኑን ሲያሳይ ነው። ቴሉሪየም 52፣ አዮዲን 53።

እንግዲህ መነሻችን የፕሮቶን ቁጥር ነው። በአንድ የውጭ ኤሌክትሮን ላይ ሁለት ነገሮች ይሠራሉ፤ ኒውክለሱ ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ ሌሎቹ ኤሌክትሮኖች ደግሞ ይገፉታል። የመሳቡ ኃይል በፕሮቶን ቁጥር ይጨምራል፣ በርቀት ይደክማል። የሌሎቹ ኤሌክትሮኖች ግፊት ከኒውክለሱ መሳብ ላይ የተወሰነውን ይቀንሳል፤ ይህን መቀነስ መጽሐፍሽ ሺልዲንግ ይለዋል፣ ተቀንሶ የሚተርፈውን ደግሞ ኢፌክቲቭ ኒውክለር ቻርጅ። ጠቅላላው ጉዳይ የሚያርፈው ማን ምን ያህል ይከልላል በሚለው ላይ ነው። በጥምቀት ዕለት በፋሲል ባሕር ዙሪያ የሚቆመውን ሕዝብ አስቢ፤ ከፊትሽ የቆመው ሰው ገንዳውን ይከልልሻል፣ በዚያው ረድፍ ከጎንሽ የቆመው ግን እምብዛም አይከልልሽም። ከውስጠኛው ሼል ያለ ኤሌክትሮን ለውጪው ከፊቱ እንደቆመ ሰው ነው፤ በአንድ ሼል ያሉት ግን ጎን ለጎን ናቸው።

ጆን ስሌተር በ1930 ይህን ወደ ቀላል ቁጥር ለውጦታል። በግምታዊ ደንቡ መሠረት፣ ለኤስና ለፒ ኤሌክትሮኖች (ኤስ፣ ፒ፣ ዲ እና ኤፍ በአንድ ሼል ውስጥ ያሉ ንዑስ ክፍሎች፣ ሰብሼሎች፣ ስሞች ናቸው)፣ በዚያው ሼል ያለ ሌላ ኤሌክትሮን 0.35፣ ከሥሩ ባለው ሼል ያለ 0.85፣ ከዚያ በታች ያለ ደግሞ ሙሉ 1 ይከልላል። ሊቲየምን እንውሰድ። ሦስት ፕሮቶን አለው፤ ሁለቱ የውስጥ ኤሌክትሮኖች 1.7 ይከልላሉ፣ የውጪው ኤሌክትሮን የሚሰማው 1.3 ብቻ ነው። ወደ ቤሪሊየም ስንሻገር አንድ ፕሮቶንና አንድ ኤሌክትሮን ይጨመራል፤ አዲሱ ኤሌክትሮን ግን የገባው ከጎን ስለሆነ ጎረቤቱን የሚከልለው 0.35 ብቻ ነው። ስለዚህ የሚሰማው ቻርጅ በ0.65 ጨምሮ 1.95 ይሆናል። እንዲሁ በ0.65 እየጨመረ ቦሮን 2.60፣ ካርቦን 3.25፣ ናይትሮጅን 3.90፣ ኦክስጅን 4.55፣ ፍሎሪን 5.20 ይደርሳል። ሼሉ ያው ሁለተኛው ነው፣ የሚስበው ኃይል ግን አራት እጥፍ ሆኗል፤ ሁሉም ኤሌክትሮኖች ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ለዚህ ነው የሊቲየም ኮቫለንት ራዲየስ (ተጣምሮ ባለበት የሚለካው የአተም ራዲየስ) 128 ፒኮሜትር ሲሆን የፍሎሪን 57 የሆነው። ኤሌክትሮን መጨመሩ ብቻውን አተምን አያሰፋም፤ የሚያሰፋው አዲስ ሼል መከፈቱ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄሽ መልስ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በአንዳንድ ሰንጠረዦች ኒዮን ከፍሎሪን በጣም ሰፍቶ ይታይና ተማሪ ግራ ይጋባል። ኒዮን ከማንም ጋር ስለማይጣመር የሚለካው ሁለት የማይነካኩ አተሞች ተጠጋግተው በሚቆሙበት ርቀት ነው፤ የፍሎሪኑ ደግሞ ተጣምረው ባሉበት ርቀት። ሁለት የተለያየ አለካክ ጎን ለጎን ተቀምጦ የሚፈጥረው ልዩነት የአተሙ ልዩነት አይደለም። የራዲየስ ቁጥሮችን ስታወዳድሪ ሁሉም በአንድ ዓይነት አለካክ የተገኙ መሆናቸውን አስቀድመሽ አጣሪ።

ወደ ታች ስንወርድ ያው ሒሳብ ይሠራል። ሶዲየም 11 ፕሮቶን አለው፤ በስሌተር ደንብ የውጪው ኤሌክትሮኑ የሚሰማው 2.2 ነው። ፖታሲየም 19 ፕሮቶን አለው፤ የሚሰማው አሁንም 2.2 ነው። ስምንቱን ተጨማሪ ፕሮቶን ስምንቱ ተጨማሪ የውስጥ ኤሌክትሮኖች ከልለውታል፣ የውጪው ኤሌክትሮን ግን ከሦስተኛው ወደ አራተኛው ሼል ርቋል። መሳቡ ያው፣ ርቀቱ የሰፋ፤ ስለዚህ የብረቱ አተም ከ186 ወደ 227 ፒኮሜትር ይሰፋል፣ ኤሌክትሮኑን ለመንጠቅ የሚከፈለውም ከ496 ወደ 419 ኪሎጁል ይወርዳል።

ነገር ግን ቁልቁሉ ቀስት የሚያነክስበት ቦታ አለ፣ ይህን ደግሞ ፈታኞች ይወዱታል። ከአሉሚኒየም ወደ ጋሊየም ሲወረድ አንድ ሼል ተጨምሮ ሳለ የመጀመሪያው አዮናይዜሽን ኢነርጂ 578 ከነበረበት 579 ሆኖ ይገኛል፤ ኮቫለንት ራዲየሱም 121 እና 122 ፒኮሜትር ነው፣ ልዩነት የለውም ማለት ይቻላል። በመካከል ከስካንዲየም እስከ ዚንክ አሥር ንጥረ ነገሮች ገብተዋል፤ አሥር ፕሮቶን ተጨምሯል፣ ከፕሮቶኖቹ ጋር የገቡት አሥሩ የዲ ኤሌክትሮኖች ግን ከላላ ከለላ በቀር አይሰጡም። ጋሊየም ላይ የአዲሱ ሼል ርቀት ያደከመውን ያህል የኒውክለሱ ጉልበት በርትቷል። ከዚርኮኒየም ወደ ሃፍኒየም ሲወረድ ደግሞ አሥራ አራት የኤፍ ኤሌክትሮኖች ጣልቃ ገብተው የሁለቱ አተሞች መጠን እኩል ነው ለማለት እስኪያስደፍር ይቀራረባል። ሃፍኒየም እስከ 1923 ሳይታወቅ የቆየው በየማዕድኑ ከዚርኮኒየም ጋር ተደባልቆ ስለሚገኝ ነው። ይህን ልዩ ሁኔታ ብለሽ አትመዝግቢው፤ ያው የመሳብና የመከለል ሒሳብ ነው።

አሁን ወደ ቦሮንና ወደ ኦክስጅን እንምጣ። የሁለተኛውን ፔሬድ (የሰንጠረዡን አግድም ረድፍ) የመጀመሪያ አዮናይዜሽን ኢነርጂ በኪሎጁል በሞል በተርታ ጻፊው፤ ሊቲየም 520፣ ቤሪሊየም 899፣ ቦሮን 801፣ ካርቦን 1086፣ ናይትሮጅን 1402፣ ኦክስጅን 1314፣ ፍሎሪን 1681፣ ኒዮን 2081። ከቤሪሊየም የሚወጣው ኤሌክትሮን ከ2ኤስ ነው፤ ከቦሮን የሚወጣው ግን ከ2ፒ ነው። የ2ኤስ ኤሌክትሮን አልፎ አልፎ ወደ ኒውክለሱ ጠጋ ይላል፣ የ2ፒው ግን ከዚያ አካባቢ ይርቃል፣ ሁለቱ የ2ኤስ ኤሌክትሮኖችም በከፊል ይከልሉታል። ስለዚህ ቦሮን አምስት ፕሮቶን ቢኖረውም የሚወጣው ኤሌክትሮን ከፍ ካለ የኃይል ደረጃ ላይ ስለሆነ ለመውጣት የሚቀረው መንገድ አጭር ነው። ልብ በይ፤ የስሌተር ደንብ ኤስንና ፒን በአንድ ቡድን ስለሚቆጥር ይህን መውረድ አያሳይም። ደንቡ ግምት ነው ያልሁት ለዚህ ነው።

የኦክስጅን ምክንያት ከዚህ የተለየ ነው፤ ብዙዎች ሁለቱን ያደበላልቋቸዋል። ናይትሮጅን ሦስት የፒ ኤሌክትሮኖች አሉት፣ ሦስቱም በየራሳቸው ኦርቢታል (ቢበዛ ሁለት ኤሌክትሮን በሚይዝ ስፍራ) ተቀምጠዋል። የኦክስጅን አራተኛ የፒ ኤሌክትሮን ባዶ ኦርቢታል ስለማያገኝ ከአንዱ ጋር ተዳብሎ ይገባል፤ አንድ ኦርቢታል የሚጋሩ ሁለት ኤሌክትሮኖች ደግሞ አጥብቀው ይገፋፋሉ። ያ ግፊት አንዱን ማውጣት ያቀለዋል። በየመማሪያው የሚገኘው «በግማሽ የተሞላ ሰብሼል የተረጋጋ ነው» የሚለው አነጋገር ስም መስጠት እንጂ ማስረዳት አይደለም፤ ናይትሮጅን የተለየ መረጋጋት አላገኘም፣ ኦክስጅን ነው ተጨማሪ መገፋፋት የገጠመው። ማረጋገጫው ከቁጥሮቹ ውስጥ አለ። ከቦሮን እስከ ናይትሮጅን ሦስቱን በግራፍ ብታገናኚ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር ታገኛለሽ። ከኦክስጅን እስከ ኒዮን ያሉትን ሦስቱን ብታገናኚም እንዲሁ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ትንሽ ቀጥ ያለ መስመር ታገኛለሽ። ናይትሮጅን ከመስመሩ አፈንግጦ ወደ ላይ አልዘለለም፤ ከኦክስጅን ጀምሮ ያሉት ሦስቱም አንድ ላይ ወደ ታች ወርደው ከዚያ መውጣታቸውን ቀጥለዋል። ፍሎሪንና ኒዮንም የተዳበሉ ኤሌክትሮኖች ስላሏቸው እንዲህ መሆኑ የሚጠበቅ ነው።

በሦስተኛው ፔሬድ ያው ይደገማል፣ ነገር ግን በእኩል መጠን አይደለም። ከማግኒዥየም ወደ አሉሚኒየም ከ738 ወደ 578 ይወርዳል፤ ከፎስፎረስ ወደ ሰልፈር ግን ከ1012 ወደ 1000 ብቻ ነው። የሦስተኛው ሼል ኦርቢታሎች ሰፊ ስለሆኑ የተዳበሉት ሁለት ኤሌክትሮኖች የሚገፋፉት በለሆሳስ ነው። ይኸው መገፋፋት ሌላ ያልጠየቅሽኝን ነገር ይፈታል። ፍሎሪን ኤሌክትሮን ሲቀበል የሚለቀቀው 328 ኪሎጁል ነው፣ ክሎሪን ሲቀበል 349። ትንሹ አተም ማነሱ የሚያስገርም ከሆነብሽ፣ አዲሱ ኤሌክትሮን በፍሎሪን ጠባብ ሼል ውስጥ ሰባት ጎረቤቶች ተጨናንቀው እንደሚጠብቁት አስቢ። ፍሎሪን ያም ሆኖ ከክሎሪን የበለጠ ኃይለኛ ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱን ፍሎሪኖች የሚያያዘው ቦንድ በ159 ኪሎጁል ገደማ ሲበጠስ የክሎሪኑ 243 ገደማ ይጠይቃል፣ የሚሠራው ትንሽ የፍሎራይድ አዮንም ሌሎችን አጥብቆ ይስባል። አንድ ቁጥር ብቻውን የአጸግብሮትን ኃይለኛነት አይወስንም።

ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ወደ ግንቡ ያደርሰናል። በቅድሚያ መታረም ያለበት ነገር አለ፤ ኖራ ካልሲየም አይደለም፣ የካልሲየም ውህድ ነው። ከውሃ ጋር ሃይድሮጅን እያንፈቀፈቀ የሚዋሃደው የካልሲየም ብረት ነው፤ ይህ ብረት በተፈጥሮ በየትም አይገኝም፣ ሃምፍሪ ዴቪ በ1808 በኤሌክትሪክ ኃይል ከውህዱ እስኪለየው ድረስም ያየው ሰው አልነበረም። ብረቱ ኃይለኛ የሆነው ሁለቱ የውጭ ኤሌክትሮኖቹ በቀላሉ ስለሚወሰዱ ነው፤ የመጀመሪያው በ590፣ ሁለተኛው በ1145 ኪሎጁል ይወጣሉ። በኖራ ውስጥ ያለው ግን እነዚያን ሁለቱን አስቀድሞ ያጣ የካልሲየም አዮን ነው። ሦስተኛውን ለማውጣት 4912 ኪሎጁል ያስፈልጋል፤ ውሃ ያንን ሊከፍል አይችልም። መጠኑም ከ197 ፒኮሜትር ወደ 100 ወርዷል፤ አንድ ሙሉ ሼል ጠፍቷልና። የፔሬዲክ ቴብል ዝንባሌዎች የሚናገሩት ስለ ነፃ አተም ነው፤ አዮን ሆኖ በውህድ ውስጥ ስላለ ነገር ለመናገር ውህዱን ማወቅ ያስፈልጋል።

ግራ መጋባቱ ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል፤ ኖራ ሲበርድ፣ ማለትም በተቃጠለው ኖራ ላይ ውሃ ሲፈስበት፣ ያየ ሰው ውሃው ሲፈላ ስለሚያይ ነው። ሒደቱ እንዲህ ነው። የኖራ ድንጋይ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ወደ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ እሳት ሲቃጠል ከ100 ኪሎው 44ቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይተናል፣ 56ቱ ካልሲየም ኦክሳይድ ሆኖ ይቀራል። በዚህ ላይ ውሃ ሲፈስ እየጮኸና እየጋለ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይሆናል። እዚህ ላይ ሃይድሮጅን አይወጣም፣ ካልሲየሙም ኤሌክትሮን አይሰጥም፤ ኤሌክትሮኑን ከሰጠ ቆይቷል። ከዚያ የበረደው ኖራ ከአሸዋ ጋር ተለውሶ በድንጋዩ መካከል ሲገባ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ በቀስ እየወሰደ ወደ ካልሲየም ካርቦኔት ይመለሳል፤ ከላይ ወደ ውስጥ ስለሚሄድ በወፍራም ግድግዳ ውስጥ ዓመታት ይፈጃል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከተገነቡት ግድግዳዎች ዛሬ የምናየው መያዣ በአብዛኛው ወደ ድንጋይነቱ የተመለሰ ካርቦኔት ነው። እርሱም በንጹሕ ውሃ የሚሟሟው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ ራሱ ድንጋዩ ደግሞ ባዛልት ነው፣ በውስጡ ካልሲየም ቢኖርም ከሲሊከንና ከኦክስጅን ጋር ተቆላልፎ የተያዘ ነው።

ይህ ማለት ዝናብ ግንቡን አይጎዳም ማለት እንዳልሆነ ደግሞ አስምሪበት። የዝናብ ውሃ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚይዝ ደካማ አሲድ ነው፤ ካርቦኔቱን ወደሚሟሟ ባይካርቦኔት እየለወጠ በጣም በዝግታ ያጥበዋል። ውሃ የሚጠራቀምበት ስንጥቅና በስንጥቁ የሚበቅል ተክል ሥሩ ይህን ያፋጥናል። ስለዚህ ትክክለኛው መልስ «ሪአክት አያደርግም» ሳይሆን «የምታስቢውን ሪአክሽን አያደርግም፤ ሌላ፣ እጅግ ዘገምተኛ ሪአክሽን ግን አለ» የሚል ነው። ተመሳሳይ ጥንቃቄ በባሪየምም ይሠራል። በዚያው ዓምድ ሁለት ደረጃ ወረድ ብሎ የሚገኘው ባሪየም በውሃ ሲሟሟ አዮኑ መርዝ ነው፤ ባሪየም ሰልፌት ግን ፈጽሞ ለማለት በሚቻል ደረጃ ስለማይሟሟ ሐኪሞች ለጨጓራና ለአንጀት ራጅ በሽተኛን ያጠጡታል። የአንድ ዓምድ ሰልፌቶች ቁልቁል ሲወርዱ ሙሟታቸው ይቀንሳል፣ የሃይድሮክሳይዶቻቸው ሙሟት ግን ይጨምራል፤ አንድ ቀስት ለሁለቱም አይበቃም።

ስለ ሙከራ አልጠየቅሽኝም፣ ሆኖም ይህን ርዕስ የሚያጠኑ ተማሪዎች የሚያዩትን ቪዲዮ ለመድገም ሲሞክሩ ስለሚገኙ አጭር ቃል ልጨምር። ሶዲየምና ፖታሲየም ከላምባ ወይም ከዘይት ውስጥ የሚቀመጡት ከአየር እርጥበት ጋር እንኳ ስለሚዋሃዱ ነው፤ መምህር በሌለበት አይነኩም። ያልበረደ ኖራ ዓይን ያጠፋል። በረኪናን ከአቼቶ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር መቀላቀል ክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ የሃሎጅኖችን ጠባይ በዚህ መንገድ ለማየት የተነሣ ሰው ሳንባውን ይጎዳል።

ወደ መጨረሻው ጥያቄሽ ስመጣ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። ቀስቶቹን ከደብተርሽ ሰርዢያቸው፤ ልዩ ሁኔታዎቹንም በዝርዝር አትሸምድጂ። በቃል መያዝ ያለብሽ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ንጥረ ነገሮች ከፕሮቶን ቁጥራቸውና ከኤሌክትሮን አደራደራቸው ጋር ብቻ ነው። የማወዳደሪያ ጥያቄ በመጣ ቁጥር በመጀመሪያ የውጪው ኤሌክትሮን በስንተኛው ሼል እንዳለ ጠይቂ፤ ሼላቸው ከተለያየ ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያው ያልቃል። ሼላቸው አንድ ከሆነ ፕሮቶን የሚበዛው የትኛው እንደሆነ እዪ። ከዚያም ጉዳዩ አዮናይዜሽን ከሆነ የሚወጣው ኤሌክትሮን ከኤስ ወይስ ከፒ፣ ብቻውን ወይስ ተዳብሎ እንደነበር አጣሪ። አዮኖችን ስታወዳድሪ ቅደም ተከተሉ ያው ነው። ኦክሳይድ፣ ፍሎራይድ፣ የሶዲየም፣ የማግኒዥየምና የአሉሚኒየም አዮኖች ሁሉም አሥር ኤሌክትሮን አላቸው፤ የሚለያቸው ከ8 እስከ 13 ያለው የፕሮቶን ቁጥር ነው፣ ራዲየሳቸውም በቅደም ተከተል 140፣ 133፣ 102፣ 72 እና 54 ፒኮሜትር ገደማ ነው። አምስቱን ቁጥር ማንም አይጠይቅሽም፤ ቅደም ተከተሉን ግን ይጠይቁሻል፣ እርሱን ደግሞ ሳትሸመድጂ ታወጪዋለሽ።

ይህ ዘዴ የማይደርስባቸው ቦታዎች አሉ። የመሸጋገሪያ ብረቶችን መጠን በዚህ ብቻ ማስቀደምና ማስከተል አስቸጋሪ ነው፤ ከስካንዲየም በኋላ ያሉት እጅግ የተቀራረቡ ናቸው። ኤሌክትሮኔጋቲቪቲ (የተጣመረ አተም የቦንዱን ኤሌክትሮኖች ወደ ራሱ የመሳብ ችሎታ) ደግሞ የነፃ አተም ጠባይ አይደለም፤ ላይነስ ፖሊንግ በ1932 ያወጣው ሚዛን የተመሠረተው በቦንድ ኃይሎች ላይ ነው፣ ስለዚህ ለኒዮን ቁጥር ባታገኚ አትደነቂ። የአጸግብሮትን ፍጥነትም ከዚህ ለመገመት አትሞክሪ። ሊቲየም አዮኑ በውሃ በሚሟሟበት ሁኔታ ሲለካ ኤሌክትሮን በመስጠት ችሎታው ከዓምዱ አንደኛ ነው፣ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ግን ከሶዲየም ይዘገያል፤ አንዱ ምክንያት ሶዲየም በ98 ዲግሪ ገደማ ቀልጦ አዲስ ገጽ ሲያጋልጥ ሊቲየም ለመቅለጥ 180 ዲግሪ መፈለጉ ነው።

ዘዴውን መያዝሽን ለመፈተሽ አንድ ስሙ ያልተገለጸ የሦስተኛ ፔሬድ ንጥረ ነገር ልስጥሽ። ኤሌክትሮኖቹን በየተራ ለማውጣት የሚያስፈልገው 578፣ 1817፣ 2745 እና 11577 ኪሎጁል በሞል ነው። ትልቁ ዝላይ ከሦስተኛው በኋላ ነው፤ አራተኛው ኤሌክትሮን ከውስጠኛው ሼል ነው ማለት ነው፣ የውጪዎቹ ሦስት ብቻ ነበሩ። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ያለው ልዩነት ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ካለው ለምን እንደሚሰፋ ግን አንቺ ጻፊው፤ መልሱ ውስጥ 3ፒ እና 3ኤስ የሚሉት ካልገቡ ከቦሮን አንቀጽ እንደገና ጀምሪ።